ቫይረሱ የሴሉን ፍሬን ሲፈታ
ጥያቄ፦ የማህፀን በር ካንሰር ከቫይረስ ይመጣል ይባላል። ቫይረስ እንዴት አድርጎ ካንሰር ያመጣል? (አንባቢ፣ ከጅማ)

መልስ፦ ይህን ካንሰር የሚያመጣው ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስ የሴሉን ቁጥጥር በሁለት ፕሮቲኖቹ፣ በኢ6 እና በኢ7፣ ይጠልፋል። ኢ7 አርቢ የተባለውን፣ የሴሉን መባዛት እንደ ፍሬን የሚገታውን ፕሮቲን ይይዛል፤ አርቢ አፍኖ ያቆየው ኢ2ኤፍ (መባዛትን የሚያስነሳ ፕሮቲን) ሲለቀቅ ሴሉ ሳይታዘዝ ዲኤንኤውን ማባዛት ይጀምራል። እንዲህ የሳተን ሴል ፒ53 የተባለው የሴሉ ጠባቂ ፕሮቲን ያስቆመው ወይም ይገድለው ነበር። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፦ ኢ6 ኢ6ኤፒ የተባለውን የሴሉን የገዛ ኢንዛይም ተጠቅሞ ፒ53 ላይ ዩቢኩቲን የተባለ የ«ይወገድ» ምልክት ያስለጥፍበታል፤ የተለጠፈበትን ደግሞ ፕሮቲያዞም (የሴሉ ፕሮቲን መፍጫ) ይሰባብረዋል። የዲኤንኤው ስህተት ሳይታረም ይጠራቀማል፤ ውሎ አድሮም ሴሉ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል።

አብዛኛው ኢንፌክሽን በ2 ዓመት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። የሚያሰጋው ለዓመታት የሚቆየው ነው፤ በተለይ ዓይነት 16 እና 18። ክትባቱ አስቀድሞ ይከላከላል እንጂ የገባውን አያስወጣም፤ ስለዚህ ዕድሜዎ ከ30 እስከ 49 ከሆነ፣ እባክዎ ሕመም ሳይጠብቁ ይመርመሩ።