የመሮዬ እጀታ ለምን ይሰነጠቃል?

ጥያቄ፦ በእንጨት ቶርኖ (እንጨቱን እያሽከረከረ በሚያስቀርጽ ማሽን) ለመሮዎቼ እጀታ ሠርቼ ነበር። ሲያልቁ ያምሩ ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ግን አፋቸው ላይ የገጠምኩት የመዳብ ቀለበት ላላ። በመዶሻ ስመታቸው ደግሞ ከቀለበቱ ጀምሮ ተሰነጠቁ። የመሮው ጭራም (እጀታው ውስጥ የሚገባው የብረቱ ጫፍ) ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። እንጨቱ ገና የተቆረጠ ቅርንጫፍ ነበር። ጠንካራ እንጨት ልፈልግ ወይስ ቀለበቱን ላወፍር?

መልስ፦ ሁለቱንም ይተዉት። ጉዳዩ እርጥበቱ ነው።

እርጥብ እንጨት ሲደርቅ በቁመቱ እምብዛም አያጥርም፤ በውፍረቱ ግን ይከሳል። እርጥብ ሆኖ 20 ሚሊ ሜትር የነበረ አንገት (ቀለበቱ የሚጠልቅበት የእጀታው ክፍል) ሲደርቅ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ሊቀንስ ይችላል። መዳቡ አብሮት አይቀንስም፤ ስለዚህ ይላላል። አንገቱን አጥብቆ የሚይዝለት ሲያጣ፣ በመዶሻ በተመታ ቁጥር የመሮው ጭራ ሽብልቅ ሆኖ ይፈልጠዋል። ሙሉ ቅርንጫፍ ስለተጠቀሙ ደግሞ የእንጨቱ እምብርት መሃል ላይ ቀርቷል። እንዲህ ያለው እንጨት ሲደርቅ በራሱ መሰንጠቅ ይወዳል።

እንግዲህ ወፈር ያለ ግንድ ይፈልጉና በመጋዝ ሳይሆን በመጥረቢያ ይፍለጡት። ፍልጥ ቃጫውን ተከትሎ ይሄዳል፤ እንጨቱ ጠማማ ከሆነ ወዲያው ይታያል። መጋዝ ግን ጠማማውንም ቀጥ አድርጎ ስለሚቆርጠው ያታልላል። እምብርቱን ጥለው ከጎኑ ያለውን ይውሰዱ። ከሚፈልጉት ውፍረት 10 ሚሊ ሜትር ያህል አተርፈው በቶርኖው ያድቦልብሉት። ሁለቱን ጫፎች ቀለም ወይም ሰም ቀብተው ጥላ ውስጥ ያስቀምጡ፤ እንጨት ውሃውን ቶሎ የሚያወጣው በጫፉ ነው። በየሳምንቱ ይመዝኑት። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ለሥራ ደርሷል። እዚህ ላይ መቸኮል የለም።

የማዘንበሉ ነገር ከሥራው ቅደም ተከተል የመጣ ይመስለኛል። ቅርጹን ከጨረሱ በኋላ ከበሱት፣ ቀዳዳው ትንሽ እንኳ ቢያጋድል ማረሚያ የለውም። እኔ ሁልጊዜ ቀዳዳውን አስቀድማለሁ። ከዚያ ከሞተሩ ትይዩ ያለውን የቶርኖውን ሹል ጫፍ ቀዳዳው አፍ ላይ አስገብቼ አጠብቃለሁ። እንጨቱ በቀዳዳው ዙሪያ ስለሚሽከረከር ውጭው ቀዳዳውን ተከትሎ ይወጣል። የመሮው ጭራ እየቀጠነ የሚሄድ ከሆነ በቀጭን ፑንታ (መብሻ ብረት) የጭራውን ርዝመት ያህል፣ በወፍራም ፑንታ የዚያን ግማሽ ያህል ይብሱ። ጭራው አራት ማዕዘን ከሆነ ማዕዘኖቹ ብቻ እንጨቱን እንዲነክሱ ቀዳዳውን ይለኩ።

ለቀለበቱ የሚሆነውን አንገት ሲያወጡ ቶርኖውን እያጠፉ ደጋግመው ይለኩ። ቀለበቱ በእጅ ጫፉ ላይ ገብቶ፣ የቀረውን በመዶሻ መታ መታ ሲደረግ የሚሄድ ከሆነ ልኩ ነው። በእጅ ተንሸራትቶ ሙሉ በሙሉ ከገባ ሰፍቷል። ጓንት አያድርጉ፣ እጅጌዎን ይሰብስቡ፣ መነጽር አይርሱ።

መሮውን የሚያስገቡት ቀለበቱ ከገባ በኋላ ነው። እጀታውን ወደ ላይ፣ ስለቱን ወደ ታች አድርገው አየር ላይ ይያዙትና የእጀታውን ጫፍ በእንጨት መዶሻ ይምቱ። እጀታው ሲመታ ወደ ታች ይወርዳል፤ ብረቱ ግን ከባድ ስለሆነ እኩል ቶሎ አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ ጭራው ወደ ውስጥ ይገባል። በየሁለት ምቱ ቆም ብለው ከፊትም ከጎንም ይዩት፤ ገና ላላ እያለ ነው የሚቃናው።

የተሰነጠቁትን ኮላ ሞልተው ለመሮ አይመልሷቸው። ለማይመታ ነገር፣ ለሞረድ ለምሳሌ፣ ያድርጓቸው፤ ለመሮው አዲስ ቢሠሩለት ይሻላል።