ጥያቄና መልስ፦ ለጌጣጌጥ ሥራዬ ምን ስም ላውጣ?

በቤታቸው ወይም በትንሽ ወርክሾፕ ጌጣጌጥ የሚሠሩ አንባቢዎች ከላኩልን ጥያቄዎች ስምን የሚመለከቱትን በዚህ እትም አንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ከነሐስ ሽቦና ከዶቃ ጉትቻና አምባር እሠራለሁ። እስካሁን የምሸጠው ለሚያውቁኝ ሰዎች ብቻ ነበር። አሁን ካርድ ላሳትም ስል ስም ቸገረኝ። የጻፍኳቸው ብዙ ናቸው፤ ግማሾቹ «ውበት» ወይም «ጌጥ» የሚል ቃል አለባቸው። በምን ልለያቸው?

መልስ፦ «ውበት»ንና «ጌጥ»ን የያዙትን በሙሉ ይሰርዟቸው። ቃላቱ መጥፎ ሆነው ሳይሆን የማንም ስለሆኑ ነው። ጌጣጌጥ የሚሸጥ ሁሉ ይጠቀምባቸዋል፤ ስለዚህ ገዢዋ ጉትቻውን ወዳው ስሙን ትረሳለች፣ በኢንተርኔት ስትፈልግም የምታገኘው ሌሎችን ነው።

የንግድ ምልክት፣ ማለትም ዕቃው ላይ የሚያርፈውን መለያ፣ የሚመዘግቡ መሥሪያ ቤቶችም ስሞችን በጥንካሬያቸው ይለያሉ። የዕቃውን መጠሪያ ራሱን፣ «ጉትቻ»ን፣ ማንም የግሉ ማድረግ አይችልም። ዕቃውን የሚገልጽ ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ «ውብ የነሐስ ጉትቻ»፣ ምዝገባው ብዙ ጊዜ ውድቅ ይሆናል። የዕቃውን ጠባይ በጎን የሚጠቁም ስም ይሻላል፤ ለሚያብረቀርቅ ዶቃ «ጤዛ» እንደማለት። ከጌጣጌጥ ጋር ምንም የማይገናኝ የታወቀ ቃል፣ «ማገር»ን የመሰለ፣ ከዚያም ይጠነክራል። ከሁሉ የሚጠነክረው ከዚህ በፊት ያልነበረ፣ ፊደል ገጣጥመው የፈጠሩት ቃል ነው። እዚህ የጠቀስናቸው ለማሳያ ያህል እንጂ ተጣርተው አይደለም፤ እንዳሉ አይውሰዷቸው። እ.ኤ.አ. በ1982 በኮፐንሃገን የተመሠረተው ፓንዶራ ስሙን የወሰደው ከግሪክ አፈ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በኢንተርኔት አልማዝ ለመሸጥ የተነሣው ብሉ ናይል ደግሞ በዓባይ ወንዝ ተሰየመ። ወንዙ ከአልማዝ ጋር ዝምድና የለውም፤ ስሙን በዘርፉ ውስጥ ለይቶ ያወጣውም ይኸው ነው።

ፈጠራው በበዛ ቁጥር ግን ሥራውን ለገዢው የማስረዳት ሸክሙም ይጨምራል። የማስታወቂያ ገንዘብ የሌለው ጀማሪ ሙሉ በሙሉ የተፈጠረ ቃል ይዞ ሲወጣ ሰው «ምንድን ነው የምትሸጡት?» እያለ ይጠይቃል። ለእርስዎ የምንመክረው የሚጠቁም ወይም የማይገናኝ የታወቀ ቃል መርጠው፣ ከሥሩ «ጌጣጌጥ» ብለው በትንሽ ፊደል እንዲጽፉ ነው። ያቺ ትንሽ ጽሑፍ ማብራሪያ እንጂ የስሙ አካል አይደለችም፤ ሥራዎ ሲለወጥ ስሙን ሳይነኩ ይቀይሯታል።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ወንፊት የሚሠሩበት ቁስ ነው። ዛሬ ነሐስና ዶቃ ይሠራሉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ብር ሊያቀልጡ ወይም ፈርጥ ሊያስሩ ይችላሉ። «ዶቃ»፣ «ነሐስ»፣ «ጉትቻ» ያለበት ስም ያን ቀን ይጠብብዎታል። «በእጅ የተሠራ» የሚለውንም ስም ውስጥ አያስገቡ። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ቅርጽ ገዝተው መግጠም የጀመሩ ዕለት ቃሉ ሐሰት ይሆናል። አንዳንድ አገሮች በዚህ ጉዳይ ጥብቅ ናቸው፦ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን መመሪያ አንድ ጌጥ «በእጅ የተሠራ» እንዲባል ከላሜራ፣ ከሽቦና ከመሰለው ጥሬ ዕቃ ተነሥቶ ቅርጹም ማስጌጡም በሙሉ በእጅ መሠራት እንዳለበት ይደነግጋል።

ቀጥሎ የጆሮ ፈተና አለ። የቀሩትን ስሞች ሥራዎን ለማያውቁ አምስት ሰዎች በስልክ ይንገሯቸውና የሰሙትን እንዲጽፉ ይጠይቋቸው፤ አንዴ በእኛ ፊደል፣ አንዴ በላቲን። ሁለቱ እንኳ የተለያየ ነገር ከጻፉ ስሙ ችግር አለበት። ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ ያለባቸው ስሞች በላቲን ፊደል ሲጻፉ ብዙውን ጊዜ ሁለትና ሦስት ዓይነት ይሆናሉ፤ «ቀ»ን አንዱ በኬ ሌላው በኪው ይጽፈዋል። ከላይ ለማሳያ ያነሣነው «ጤዛ»ም እዚህ ላይ ይንገዳገዳል። በእኛም ፊደል ቢሆን ሀ፣ ሐና ኀ፣ እንዲሁም ሰና ሠ ለጆሮ አንድ ሲሆኑ ለመፈለጊያ ሳጥኑ የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ የሚለወጥ ቃልም ያስቸግራል፦ ካርድ ላይ «ሰፊ» ብለው ቢጽፉ አንባቢው ልብስ ሰፊ ይሁን ጠባብ ያልሆነ አያውቅም። በ«በ»፣ «መ»፣ «ለ»፣ «ነ» የሚጀምር፣ ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ያለው ስም ይህን ፈተና በቀላሉ ያልፋል።

ሁለት ሦስት ስም ሲቀርዎት በእውነተኛው የካርድ መጠን ጽፈው ጉትቻውን አንጠልጥለውበት ይዩት። ስክሪን ላይ ያማረ ስም አምስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ካርድ ላይ ሊጨናነቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ የራሴን ስም ብጠቀም ምን ችግር አለው? ትልልቆቹ ጌጣጌጥ ቤቶች የመሥራቾቻቸውን ስም አይደል የያዙት?

መልስ፦ ልክ ነዎት። ካርቲየርና ቲፋኒ የመሥራቾቻቸው ስሞች ናቸው። ቡልጋሪም የመሥራቹ የሶቲሪዮስ ቩልጋሪስ ስም በጣሊያንኛ ተለውጦ የቀረ ነው። እያንዳንዱን ጌጥ ራስዎ የሚሠሩና ሰው የእጅዎን ሥራ ፈልጎ የሚመጣ ከሆነ የራስ ስም ተገቢ ምርጫ ነው።

የመጠሪያ ስም ብቻውን ግን ደካማ ነው፤ በዚያው ስም የሚጠሩ ስንት ሰዎች አሉ! ከእነሱ አንዱ ቀድሞ ለጌጣጌጥ አስመዝግቦት ከሆነ፣ ስሙ የራስዎ መሆኑ ብቻ ብዙ ጊዜ አያድንዎትም። የአባት ወይም የአያት ስም መጨመር ወይም ከቤት ስምዎ ጋር ማጣመር ይለየዋል። የስም መነሻ ሁለት ፊደል ብቻ መያዝ መፍትሔ ይመስላል፤ ሆኖም ሁለት የላቲን ፊደላት ያልተያዙበት ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። ሸሪክ ለማስገባት ወይም ሥራውን አንድ ቀን ለመሸጥ ካሰቡ ደግሞ የራስዎን ስም ይተዉት። ስሙን የገዛ ሰው በእርስዎ ስም መሸጡን ይቀጥላል፤ እርስዎ ግን በገዛ ስምዎ ጌጥ መሸጥ ሊከለከሉ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የመረጥኩት ስም በሌላ ሰው መያዙን በምን አውቃለሁ? ንግድ ፈቃድ ሳወጣ ስሙን ከተቀበሉኝ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። የንግድ ስምና የንግድ ምልክት ሁለት የተለያዩ መዝገቦች ናቸው። የመጀመሪያው ድርጅቱ በመንግሥት ወረቀት ላይ የሚጠራበት ስም ነው። ሁለተኛው ዕቃው ላይ የሚያርፈው መለያ ሲሆን ሌላው ሰው እንዳይጠቀምበት የሚከለክለው እሱ ነው። በአንዱ ነፃ የሆነ ስም በሌላው ተይዞ ሊገኝ ይችላል።

ማጣራቱን በዚህ ቅደም ተከተል ቢያደርጉት ወጪ የሌለባቸውን አስቀድመው ይጨርሳሉ። መጀመሪያ የስሙን የአጻጻፍ ዓይነቶች ሁሉ በወረቀት ያስፍሩ። እያንዳንዱን «ጌጣጌጥ»፣ «ቀለበት»፣ «ጉትቻ» ከሚሉ ቃላት ጋር በመፈለጊያ ይፈልጉ፤ ምስሎቹንም ይዩ፣ ብዙ ትንንሽ ሻጮች የሚገኙት በፎቶ ብቻ ነውና። ከዚያ የማኅበራዊ ገጾቹን መለያ ስም ይሞክሩ። ኢንስታግራም እስከ 30፣ ቲክቶክ እስከ 24 የላቲን ፊደላት ይቀበላሉ። ቴሌግራም ከ5 እስከ 32 ይፈቅዳል። የእጅ ሥራ በሚሸጥበት የኢንተርኔት ገበያ በኤትሲ ለመሸጥ ካሰቡ የሱቁ ስም ከ4 እስከ 20 ፊደላት ሆኖ ክፍት ቦታ የሌለው መሆን አለበት፤ ከሁሉ የሚጠበው እሱ ስለሆነ ስሙን በእሱ ይለኩት። በሁሉም ገጽ ላይ አንድ ዓይነት መለያ ማግኘት ካልቻሉ፣ ነጥብና ሰረዝ እየሰኩ ከመታገል «ጌጣጌጥ» የሚለውን ቃል በላቲን አሳጥረው መጨረሻው ላይ ቢቀጥሉ ይሻላል።

ቀጥሎ ወደ ንግድ ምልክት መዝገብ ይሂዱ። የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት ግሎባል ብራንድ ዳታቤዝ የተባለውን የብዙ አገሮች መዝገብ ማንም በነፃ እንዲፈልግበት ክፍት አድርጎታል። ኒስ ምደባ በተባለው የንግድ ምልክት ምዝገባ ዓለም አቀፍ ዝርዝር ዕቃዎችና አገልግሎቶች በ45 ክፍሎች ተለይተዋል። ጌጣጌጥ ያለው ክፍል 14 ነው፤ ሰዓትና የቁልፍ መያዣም እዚያው ናቸው። የፀጉር ጌጥ ከሠሩ ክፍል 26ን፣ የሌሎችን ዕቃ ጨምረው በሱቅ ከሸጡ ክፍል 35ን ይጨምሩ። ልብስ ያለበትን ክፍል 25 ማየትም አይከፋም፤ ልብስ ሻጮች ብዙ ጊዜ ወደ ጌጣጌጥ ይሻገራሉ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት «እንደኔ አልተጻፈም» ብለው በማለፋቸው ነው። መመዘኛው ተራው ገዢ ይምታታበታል ወይ የሚለው ነው። በድምፅ፣ በመልክ ወይም በትርጉም የሚቀራረብ ስም በተመሳሳይ ዕቃ ላይ ካለ፣ አንድ ፊደል መለወጥ ወይም «ስቱዲዮ» ብሎ መጨመር አይለየውም። ስሙን ይተዉት።

ነፃ ሆኖ ካገኙት ለማስመዝገብ አይዘግዩ። በብዙ አገሮች መብት የሚያገኘው ቀድሞ የተጠቀመው ሳይሆን ቀድሞ ያመለከተው ነው። ምዝገባው የሚሠራው ባስመዘገቡበት አገር ብቻ ነው። የፓሪስ ስምምነት በተባለው የአእምሯዊ ንብረት ዓለም አቀፍ ውል መሠረት ግን ካመለከቱበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ በሌላ አባል አገር ሲያመለክቱ የመጀመሪያው ቀን ይቆጠርልዎታል። ለመጀመሪያ የስሙን ፊደላት ብቻ ማስመዝገብ በቂ ነው፤ ሎጎው ብዙ ጊዜ ይቀየራል።

ጥያቄ፦ ነሐስ ላይ ቀጭን የወርቅ ቅብ እሠራለሁ። የገጼ ስም «ወርቅ» የሚል ቃል አለበት። አንዳንድ ገዢዎች ቅቡ ሲነሣ «ወርቅ ነው ብለሽኝ ነበር» ይሉኛል። በመግለጫው ላይ ግን ቅብ መሆኑን ጽፌያለሁ።

መልስ፦ ገዢው ቀድሞ የሚያነበው ስሙን ነው፤ መግለጫው የሚነበበው ቅሬታ ሲመጣ ነው። ቃሉን ከስሙ ያውጡት። «ወርቃማ» ማለቱም ቢሆን እንደ ቀለም ብቻ አይወሰድም። ካርዱ ላይ «ወርቅ ቅብ ነሐስ» ብለው በግልጽ ይጻፉ። 585 (14 ካራት)፣ 750 (18 ካራት) ወይም 925 (ብር) የሚሉ ቁጥሮችን ለጌጥነት ብለው በፍጹም አይምቱበት፤ የማዕድኑን ንጥረት የሚመሰክሩ ስለሆኑ ሐሰት ሲሆኑ በሕግ ያስጠይቃሉ።

ጥያቄ፦ ብር እሠራለሁ። ስሜ በላቲን አሥራ አንድ ፊደል ነው። ብሩ ላይ የሚመታ የስም ማህተም ላሠራ ስጠይቅ «አይወጣም» አሉኝ። ለምን?

መልስ፦ ስሌቱ ይኸውና። የአንድ ፊደል ቁመት 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ክፍተቱን ጨምሮ ስፋቱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። አሥራ አንድ ፊደል 22 ሚሊ ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጉትቻ ጀርባ ላይ ቦታ የለውም። ፊደሉን ወደ 1 ሚሊ ሜትር ቢያወርዱት የፊደሎቹ ክፍት ሆድ ይደፈናል። የእኛ ፊደል እግርና ቅጥያ ስላለው ይህ ይብስበታል፤ «ጭ»፣ «ዥ»፣ «ሕ» ሲያንሱ ነጠብጣብ ይመስላሉ።

ስለዚህ ሙሉ ስሙን ለካርዱ ትተው ለብሩ አንድ ወይም ሁለት ፊደል፣ አለዚያም ቀላል ምልክት ያሠሩ። ወደ ብሪታንያ ለሚሸጥ ሥራ ሁለት ፊደል ይሻላል፦ እዚያ ከ7.78 ግራም በላይ የሆነ የብር ዕቃ በመንግሥት እውቅና ባለው ተቋም ተመርምሮ መታተም አለበት፤ የሠሪው ምልክትም ቢያንስ ሁለት ፊደላት ይይዛል። በአሜሪካ ደግሞ 925 ብለው ከመቱ ከጎኑ የንግድ ምልክትዎ መኖር አለበት።

አመታቱም ስሙን ያበላሻል። ብሩ ሳይታጠፍ፣ ገና ጠፍጣፋ ላሜራ ሳለ፣ ከሥሩ ገጹ የተስተካከለ ጠንካራ ብረት አስቀምጠው ማህተሙን ቀጥ አድርገው አንዴ ብቻ በደንብ ይምቱ። ሁለቴ ከመቱ ጽሑፉ ጥላ ያወጣል። ላሜራው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ምቱ በፊት በኩል ጎላ ብሎ ይታያል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ስስ ሥራ ማህተሙን ለብቻው በተቆረጠች ትንሽ የብር ቅጠል ላይ መትተው ከመቆለፊያው አጠገብ በሽቦ ቀለበት ያንጠልጥሏት። የታጠፈ ቀለበት ውስጡን ለመጻፍ ሌዘር ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ስሜ ከሌላ ሻጭ ጋር ስለሚመሳሰል መቀየር አለብኝ። ተከታዮቼን እንዳላጣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ አዲስ ገጽ አይክፈቱ፤ ያለውን ገጽ መለያ ስም ይቀይሩት፣ ተከታዮቹ አብረው ይመጣሉ። ድሮ ያጋሯቸው ሊንኮች ግን ይሰበራሉ፣ የለቀቁትንም ስም ሌላ ሰው ሊይዘው ይችላል። ሌላኛው ሻጭ መብት ያለው ከሆነ የድሮውን ስም አይያዙ፤ ከሌለው ግን ወዲያው ሁለተኛ ገጽ ከፍተው ወደ አዲሱ የሚጠቁም አንድ ጽሑፍ ያስቀምጡበት። ድረ ገጽ ካለዎት የድሮውን አድራሻ ክፍያ ቢያንስ አንድ ዓመት ሳያቋርጡ ወደ አዲሱ እንዲያስተላልፍ ያድርጉ። ለጥቂት ወራት «የቀድሞው እገሌ» ብለው መጻፍ የሚችሉት ስምምነት ካለ ብቻ ነው። የባንክ ሒሳቡና የደረሰኙ ስም ከካርዱ ጋር በአንድ ቀን ይቀየር፤ ገንዘብ የሚልክ ሰው የተለያየ ስም ሲያይ ይጠራጠራል።

የድሮው ማህተም ያረፈባቸውን ጌጦች ለመፋቅ አይሞክሩ፤ ብረቱ ይሳሳል፣ ጠባሳውም ይታያል። እስከ መቼ ሸጠው መጨረስ እንደሚችሉ ከሌላኛው ወገን ጋር በጽሑፍ ይስማሙ። ካልተስማማ የብሩን ሥራ ያቅልጡት፣ የነሐሱን ማህተም ያለበት ክፍል ቆርጠው ሌላ ቅጠል ይግጠሙበት።