ኪቱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ላፕቶፑ ላይ አብርሪው

ጥያቄሽ ባጭሩ ይኸው ነው፦ ደብረ ብርሃን የኤሌክትሪካል ምህንድስና ሁለተኛ ዓመት ነሽ፤ ባለአራት ሞተር ድሮን ራስሽ ገጣጥመሽ ራስሽ ፕሮግራም ልታደርጊው ትፈልጊያለሽ። ዘመድ ከውጭ ሙሉ ኪት ይላክልኝ ወይ፣ ደግሞስ እንጀራ ይሆነኛል ወይ ብለሻል።

ኪቱ ለጊዜው ይቅር። ድሮን ወደ አገር ለማስገባትም ለማብረርም የኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር) ፈቃድ ይጠየቃል፤ ያለ ፈቃድ የመጣ ጉምሩክ ላይ ይቀራል። በዚያ ላይ በአሁኑ ጊዜ ሰሜን ሸዋ ሰማይ ላይ ድሮን ሲሰማ ሰው ምን እንደሚመስለው ለአንቺ መንገር አያስፈልግም። መጫወቻ ነው ብሎ ሜዳ ላይ ማንሳት ለራስሽም ለጎረቤትም አደጋ ነው። ደግነቱ፣ ከዕውቀቱ አብዛኛው ከመሬት ሳይነሱ የሚማሩት ነው።

አርዱፓይለት የሚባለውን ነጻ ሶፍትዌር ጫኚ። እውነተኛው ድሮን ላይ የሚሠራውን ያንኑ ኮድ ሲትል በሚባለው ሲሙሌተር ላፕቶፕ ላይ ያስኬድልሻል። ኡቡንቱ ካለሽ መልካም፤ ዊንዶውስም ከሆነ ሊኑክስን በውስጡ በሚያስኬደው በደብሊው ኤስ ኤል ይሠራል። ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው ገና ሲያወርድ ነው፦ ኮዱ በውስጡ ሰብሞጁል የሚባሉ ሌሎች የኮድ ክፍሎችን ይዟል፤ ኢንተርኔቱ መሃል ላይ ከተቋረጠ እነሱ ይጎድሉና ቢልዱ (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም መለወጡ) በስህተት ይቆማል። ሁሉንም አጥፍተሽ እንደ አዲስ አትጀምሪ፤ ኮዱን በምታወርጂበት በጊት ሰብሞጁሎቹን ብቻ አሟዪ።

ከዚያ ለድሮኑ ትእዛዝ በሚልከው፣ ፓይማቭሊንክ በሚባለው የፓይተን ላይብረሪ አጭር ፕሮግራም ጻፊ፦ 10 ሜትር ይነሳ፣ ጎኑ 20 ሜትር የሆነ ካሬ ይዙር፣ ይረፍ። «ተነስ» ስትዪው እምቢ ካለ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። ጂፒኤሱና ሴንሰሮቹ ሳይረጋጉ አዘሽዋል፤ ወይም ከፕሮግራም ትእዛዝ የሚቀበልበት ጋይድድ ሞድ ውስጥ አልገባም፤ ወይም ሞተሩን አርም ካደረግሽ (እንዲዞር ከፈቀድሽለት) በኋላ ዘግይተሻል፣ ምክንያቱም 10 ሰከንድ ያህል መሬት ላይ ሥራ ከፈታ ራሱ ዲስአርም ያደርጋል (ሞተሩን ይዘጋል)። ካሬው ሲሳካ ነፋስ ጨምሪበት። ቀጥለሽ የሮል ፒ ዋጋን (ድሮኑ ወደ ጎን ሲያዘነብል በምን ያህል ኃይል እንደሚታረም የሚወስነውን ቁጥር) ሦስት እጥፍ አድርገሽ ሲንቀጠቀጥ ሎጉን በግራፍ አውጪው። ግራፉን አስቀምጪ፤ ሥራ ፍለጋ ስትወጪ የምታሳዪው እሱን ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ረዘም ያለ ጊዜ ስጪው። የሚያስፈልግሽ አርዱዪኖ ናኖ ወይም ኢኤስፒ32 የሚባል ትንሽ ቦርድ፣ ኤምፒዩ6050 ሴንሰር (የመዞር ፍጥነት የሚለካ ጋይሮና ዝንባሌ የሚያሳይ አክስለሮሜትር ያለበት)፣ ሁለት አነስተኛ ዲሲ ሞተር ከነፕሮፔለሩ፣ ለሞተሮቹ ከረንት የሚከፍቱና የሚዘጉ ሁለት ሞስፌት፣ ሁለት ዳዮድ፣ መሃሉ ላይ በቤሪንግ የሚዞር 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀጭን እንጨት ነው። ግቡ ሞተሮቹ በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ሆነው እንጨቱ ራሱን ችሎ አግድም እንዲቆም ማድረግ ነው። ዝግጁ ላይብረሪ አትጠቀሚ፤ ማዕዘኑን ራስሽ አስዪ። የጋይሮውን ንባብ በመነሻ ስኬሉ ለ131 ስታካፍዪ ዲግሪ በሰከንድ ይሆናል። ያንን በጊዜ አባዝተሽ በቀድሞው ማዕዘን ላይ ደምሪ፤ ከድምሩ 98 በመቶ፣ ከአክስለሮሜትሩ ማዕዘን ደግሞ 2 በመቶ ወስደሽ ቀላቅዪ።

ማዕዘኑ ከትክክለኛው ሸሽቶ ከቀረ ጋይሮው ካሊብሬት አልተደረገም፤ ቦርዱ ሲበራ እንጨቱ ሳይነካ የ1000 ንባብ አማካይ አውጪና ከእያንዳንዱ ቀንሺ። ምላሹ ከዘገየ ሉፑ ውስጥ ዲሌይ ወይም በየዙሩ የሚጽፍ ሲሪያል ፕሪንት አለ። ሞተሩ ሲነሳ ቦርዱ ሪሴት ካደረገ ከአንድ ምንጭ እየመገብሻቸው ነው፤ ለየብቻ መግቢ፣ ግራውንዱን ግን አገናኚ። ሞተር ከአርዱዪኖ ፒን ላይ በቀጥታ አይገናኝም፤ ፒኑ ያን ያህል ከረንት አይችልም፣ ይቃጠላል።

ፒአይዲ የማዕዘኑን ስህተት ወደ ሞተር ፍጥነት የሚለውጠው ስሌት ነው፤ «ፒ» ለአሁኑ ስህተት፣ «አይ» ለተጠራቀመው፣ «ዲ» ስህተቱ ለሚለወጥበት ፍጥነት የሚሰጡ ቁጥሮች ናቸው። ስታስተካክዪው «አይ» እና «ዲ» ዜሮ ይሁኑ፤ «ፒ»ን ብቻ መወዛወዝ እስኪጀምር ከፍ አድርጊ፣ ከዚያ ወደ ግማሽ መልሺ፣ «ዲ» ጨምሪ፣ «አይ» መጨረሻ። «ዲ» ሲበዛ የፕሮፔለሩን ንዝረት አጉልቶ ሞተሩን ያግላል። «አይ» ደግሞ እንጨቱን በእጅ ይዘሽ ሳለ ይጠራቀምና ስትለቂው ይገለብጠዋል፤ ጣሪያ አብጂለት። መነጽር አድርጊ፣ ኮድ በምትጭኚበት ጊዜ ሁሉ ፕሮፔለሩን አውልቂ።

እንጀራውን በተመለከተ፣ «ድሮን ሠሪ» ተብሎ የሚወጣ ማስታወቂያ ጠብቀሽ አትቀመጪ። ፒአይዲ ግን ደብረ ብርሃን ባሉት የቢራ ፋብሪካዎች ውስጥ ሙቀትና ግፊት የሚቆጣጠረው ያው ስሌት ነው። እንጨቱን ያቆመች ልጅ ፒኤልሲ (የፋብሪካ ማሽን የሚቆጣጠር ኮምፒውተር) ለመማር ብዙ አይከብዳትም። ስለዚህ የኮንትሮል ሲስተምስ፣ የኤምቤድድ ሲስተምስና የፓወር ኤሌክትሮኒክስ ኮርሶችን አጥብቀሽ ያዢ።

እውነተኛው ድሮን ሲመጣ በመመረቂያ ፕሮጀክት በኩል ይሁን፤ የፈቃድ ጥያቄው በዲፓርትመንቱ ደብዳቤ ይቅረብ፤ በግል ስምሽ አይሁን። ለመማሪያ 450 ሚሊ ሜትር ፍሬም፣ አራት 2212 የሚባል ሞተር ባለ920 ኬቪ (ያለ ጭነት በአንድ ቮልት በደቂቃ 920 ዙር)፣ አራት ባለ30 አምፔር ኢኤስሲ (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ)፣ ባለ10 ኢንች ፕሮፔለር፣ ባለሦስት ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ የተለመደ ጥምረት ነው። በውጭ አገር የተዘጋጀው የሞተር የማንሳት ኃይል ሠንጠረዥ ግን ለደብረ ብርሃን አይሠራም። ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ባለበት ለመቆም ሞተሩ 15 በመቶ ያህል ፈጥኖ መዞር አለበት። በባሕር ጠለል የክብደቱን ሁለት እጥፍ የሚያነሳ ድሮን እዚህ አንድ ተኩል እጥፍ ብቻ ያነሳል። ክብደት ቀንሺ፣ ወይም ሞተሩ ከቻለ ባለ11 ኢንች ፕሮፔለር ግጠሚ፤ ፍሬሙ ይበቃዋል። (ሸዋ ሮቢት ቢሆን ይህ ጭንቀት በግማሽ ይቀል ነበር።)

የጧቱ ቁርም ባትሪውን ያደክማል፤ ሞቅ ያለ ቦታ አቆይተሽ አውጪው፣ ሴሉ 3.5 ቮልት ሲደርስ አሳርፊ፣ ሴሎቹን እኩል በሚሞላ ባላንስ ቻርጀር ብቻ ሙዪ፣ ለማስቀመጥ 3.8 ቮልት ላይ ተዪው። ሁለት ሞተር በሰዓት አቅጣጫ፣ ሁለት በተቃራኒው ይዞራሉ፤ አንዱ ከተሳሳተ ከዚያ ሞተር ሦስት ሽቦዎች ማናቸውንም ሁለት አለዋውጪ። ይህን ሁሉ ያለ ፕሮፔለር ፈትሺ።