ክሳችሁ ፌደራል ለተወሰደባችሁ፦ የዛሬው ጥያቄና መልስ

መዝገብ ቤት፦ እሺ ጀምሩ። 16 ዓመት ጠበቃ ቢሮ በፓራሊጋልነት፣ ማለት በጠበቃ ረዳትነት ሰርቻለሁ፣ ጠበቃ ግን አይደለሁም። ዛሬ የምመልሰው እዚህ አሜሪካ ስቴት ኮርት የከፈታችሁትን የፍትሐብሔር ክስ ተከሳሹ አንስቶ ፌደራል ሲያስገባው፣ ማለት ሪሙቫል ስለሚባለው ብቻ ነው። የትራፊክ ቲኬት እንዳትጠይቁኝ።

ሹፌሩ፦ ጋሼ ሰላም፣ ሲቲዝን ነኝ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። አንድ የቨርጂኒያ ካምፓኒ 18,000 ዶላር ደሞዜን አልከፍል ብሎኝ ሜሪላንድ ከሰስኩ፣ እነሱ ፌደራል ወሰዱት። ከ75,000 ካላለፈ አይሆንም ይባል የለ? የኔ 18 ሺህ ናት እኮ።

መዝገብ ቤት፦ ይሄን ቁጭ ብለህ አንብበው። ከሳሽና ተከሳሽ የተለያየ ስቴት ሰዎች ናቸው ተብሎ ሲወሰድ፣ ዳይቨርሲቲ የሚሉት፣ ከ75,000 ማለፍ አለበት፣ እውነትህን ነው። ወለድና ወጪ አይቆጠርም። የጠበቃ ክፍያ ግን ሕጉ ወይ ውሉ ተሸናፊው ይክፈል ካለ ይቆጠራል፣ ሱፕሪም ኮርት ይሄን ያለው በ1933 ነው። ሀገር ቤት የረታ ወጪና ኪሳራ እንደሚጠይቀው እንዳይመስልህ፣ እዚህ ሕግ ወይ ውል ካላዘዘ ሁሉም የራሱን ጠበቃ ራሱ ይከፍላል። የሜሪላንድ የደሞዝ ሕግ ግን ፈቅዷል፣ ያውም ያልተከፈለህን እስከ 3 እጥፍ። 18 በ3 54,000፣ የጠበቃህ 21 ሺህና ምናምን ሲደመርበት አለፈ ማለት ነው። ጭቅጭቁ የቱ የጠበቃ ክፍያ ይቆጠር የሚለው ላይ ነው፣ ክሱ እስከተወሰደበት ቀን የተሰራው ብቻ ወይስ እስከ ፍርድ የሚሰራውም? ካሊፎርኒያን የያዘው 9ኛው ሰርኪት፣ የፌደራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ነው፣ በ2018 የወደፊቱም ይቆጠር ብሏል፣ ቺካጎ ያለው 7ኛው ደግሞ እስከዚያ ቀን ያለውን ብቻ ነው የሚያየው። አንዴ እጄ የገባ መዝገብ ላይ የተከሳሽ ጠበቃ "የጠበቃ ክፍያም ስላለ ያልፋል" ብላ አንድ መስመር ጽፋ ዘጋችው፣ ስንት ሰዓት የለም፣ ሰዓቱ በስንት የለም። ዳኛው ክሱን ወደ ስቴት መለሰው። ካምፓኒው ኮርፖሬሽን ነው ወይስ ኤልኤልሲ፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የሚባለው?

የሺ፦ የኔም ክስ ፌደራል ገባብኝ ምን ላድርግ?

መዝገብ ቤት፦ የት? መቼ? ማንን ከሰሽ? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።

ሹፌሩ፦ ኤልኤልሲ ነው። ከባለቤቶቹ አንዱን አውቀዋለሁ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ቤቱ።

መዝገብ ቤት፦ እንዴ! ይሄን መጀመሪያ አትልም? የ75 ሺህ ሂሳብ የለፋሁት በከንቱ ነዋ። ኤልኤልሲ ዜግነቱ፣ ማለት የየት ስቴት ነው የሚለው፣ የእያንዳንዱ ባለቤት ዜግነት ነው። ሰውየው ሜሪላንድ አንተም ሜሪላንድ፣ ዳይቨርሲቲ የለም። ፌደራሉ ስልጣን የለውም።

የአሌክሳንድሪያው፦ ቆይ፣ የኛ ኤልኤልሲ ዴላዌር ነው የተመዘገበው፣ የዴላዌር ነው እንጂ።

መዝገብ ቤት፦ ምዝገባው የሚቆጠረው ለኮርፖሬሽን ነው፣ የተመዘገበበትና ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለበት፣ ሁለቱም። ዋናው ቦታ ደግሞ አለቆቹ ተቀምጠው የሚያዙበት ነው፣ 2010 ላይ ተወስኗል። ኤልኤልሲ ሌላ ነው፣ ስንቴ ልበል?

ድንቡሎ፦ ባለቤቱ ግሪን ካርድ ቢሆንስ?

መዝገብ ቤት፦ ያው ነው። ግሪን ካርድ ያለው ከሲቲዝኑ ጋር አንድ ስቴት የሚኖር ከሆነ ዳይቨርሲቲ የለም።

የአሌክሳንድሪያው፦ ለማንኛውም ፌደራል ይሻላል፣ የኛ የቨርጂኒያው ፌደራል ፍርድ ቤት፣ ኢስተርን ዲስትሪክት፣ "ሮኬት ዶኬት" ነው የሚባለው፣ ቶሎ ያልቃል።

ድንቡሎ፦ ቶሎ የሚያልቀው አምስት ጠበቃ ላለው ነው። የኔ ጠበቃ ለብቻዋ ናት፣ ሪሲት እንኳን ሰብስበን ሳንጨርስ ቀጠሮው ደረሰ።

መዝገብ ቤት፦ እሱን ሌላ ቦታ ተከራከሩ።

ሹፌሩ፦ ታዲያ ያለአግባብ ካጉላሉኝ የጠበቃዬን አይከፍሉም?

መዝገብ ቤት፦ ዳኛው ሊያስከፍል ይችላል፣ ግን ወደ ስቴት ስለመለሰው ብቻ አይደለም። በ2005 ሱፕሪም ኮርት ያለው፣ ክሱን ለመውሰድ የሚያሳምን ምክንያት ያልነበራቸው ከሆነ ነው። የ75 ሺዋ ነገር አከራካሪ ናት፣ በሷ ብቻ አትጠብቅ። የራሳቸውን ባለቤት አድራሻ ሳያዩ መጥተው ከሆነ ግን ጠበቃህ ይጠይቅ፣ ሰዓቱን ከነሪከርዱ አያይዞ።

ድንቡሎ፦ ከተወሰደ በኋላ ጥያቄዬን ወደ 60 ሺህ ባወርደውስ?

መዝገብ ቤት፦ አይመለስም፣ ሱፕሪም ኮርት በ1938 ወስኖታል። የሚታየው የተወሰደበት ቀን ነው። በ2025 የተወሰነው ሌላ ነው፣ ክሱ በፌደራል ሕግ ምክንያት ተወስዶ ከሳሹ የፌደራሉን ጥያቄ ከክሱ ካወጣ፣ ያኔ ይመለሳል።

ሹፌሩ፦ ጋሼ ለፓርኪንግ ቲኬትስ...

መዝገብ ቤት፦ አይሆንም አልኩ።

የሺ፦ እሺ ጋሼ ይቅርታ፣ ዲሲ ሱፒሪየር ኮርት ነበር፣ የከሰስኩት የዲሲ ካምፓኒ ነው፣ እኔ ቨርጂኒያ ነኝ። በዳይቨርሲቲ ብለው ወሰዱት።

መዝገብ ቤት፦ ኧረ! የዲሲ ተከሳሽ ዲሲ ላይ ተከሶ በዳይቨርሲቲ መውሰድ አይችልም፣ ዲሲ ለዚህ እንደ ስቴት ነው የሚታየው። ግን ይሄ የአካሄድ ስህተት ነው፣ በ30 ቀን ካልተቃወምሽ ብዙ ፍርድ ቤት እንደተውሽው ነው የሚቆጥረው። የሹፌሩ የስልጣን ጉዳይ ነው፣ መቼም ይነሳል፣ ያንቺ ግን 30 ቀን፣ 30 ቀን፣ 30 ቀን። መቼ አስገቡ?

የሺ፦ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን ስቆጥር 26 ቀን ሆኖታል።

መዝገብ ቤት፦ ታዲያ እዚህ ምን ትጽፊያለሽ? ለጠበቃሽ ደውዪ፣ አሁን።