ከጎንደር በፊት ጉዛራን እዩ

ውድ ወጣቶች፣ ዕድሜዬን በሕንፃ ሥራ ያሳለፍሁ ሰው ነኝና ጎንደርን ለማየት የሚነሣ ወጣት ባገኘሁ ቁጥር የምለው አንድ ነገር አለ፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን በአውሮፕላን ከመሄድ ይልቅ ከባሕር ዳር ተነሥታችሁ 180 ኪሎ ሜትር ያህሉን በመኪና ተጓዙ። ፋሲል ግንብ ፊት በድንገት የሚቆም ጎብኚ «ይህንማ የሠሩት ፖርቹጋሎች ናቸው» የሚለውን የቆየ ወሬ ለማመን ይቸኩላል፤ ከዚያ በፊት የነበረውን አላየማ።

እንፍራንዝ አጠገብ፣ ጣናን ቁልቁል ከሚያይ ኮረብታ ላይ፣ የጉዛራ ግንብ አለ። በዐፄ ሠርጸ ድንግል (1563–1597፤ ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ዘመን እንደ ተሠራ ይነገርለታል። በዘመኑ ላይ የሚከራከሩ ምሁራን ቢኖሩም፣ ክብ ማማዎቹን አይቶ ጎንደር የደረሰ ሰው ከተማዋ የተቆረቆረችበትን 1636ን የሁሉ ነገር መጀመሪያ አድርጎ አይቆጥርም።

የዐፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ያለበት ደንቀዝ ከዋናው መንገድ ወጣ ስለሚል ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል፤ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምመክረው እርሱን ነው። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው ኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ሚስዮናውያንን ባስጠጉበት ጊዜ ከአውሮፓና ከህንድ የመጣው የግንባታ ዕውቀት ከአገሬው እጅ ጋር የተገናኘው በእንዲህ ያለው ቦታ ነበር። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ንጉሡ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ፋሲለደስም ሚስዮናውያኑን ከአገር አስወጡ፤ በኖራ የሚያያዘውን የድንጋይ ግንብ ግን አልተዉትም፤ ይልቁንም መናገሻቸውን በእርሱ አቆሙበት። እምነት ከእምነት ሲጣላ ሙያ እንዴት ተርፎ እንደሚሻገር ከዚህ አስበልጦ ያስረዳኝ ቦታ የለም።

ጎንደር ደርሳችሁ የነገሥታቱ ግቢ ስትገቡ የድንጋዮቹን መጋጠሚያ ልብ በሉ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ጥገናው በሲሚንቶ ተሠርቶ ነበር፤ በ1970ዎቹ ደግሞ በዩኔስኮ እገዛ ሲሚንቶው እየተነሣ በኖራ ተተካ። በ1941 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የጣሉት ቦምብም በግቢው ላይ ጉዳት አድርሷል። ፒያሳ ያሉትን የጣሊያን ሕንፃዎችም እዩአቸው፤ ባንወዳቸውም የከተማዋ ታሪክ ናቸው።

የማሠሪያውን ትእዛዝ የሰጡትን ነገሥታት ሁሉም ያውቃቸዋል፤ የግንበኞቹን ስም ግን የሚነግራችሁ አታገኙም። ስለዚህ ከከተማዋ ትንሽ ወጣ ብላ ያለችውን፣ የቤተ እስራኤላውያን (የኢትዮጵያ አይሁድ) መንደር የነበረችውን ወለቃን ሳታዩ አትመለሱ። ቤተ እስራኤላውያን በግንበኝነት፣ በአንጥረኝነትና በሸክላ ሥራ የታወቁ ነበሩ፤ በጎንደር ግንባታም ተካፍለዋል፤ ዛሬ አብዛኞቹ ዘሮቻቸው የሚኖሩት በእስራኤል ነው። ከእናንተ መካከል እዚያ ያደጋችሁ ካላችሁ፣ አያቶቻችሁ ስለ ድንጋይ ጠረባና ስለ ብረት ሥራ የሚያስታውሱትን ከጉዞው በፊት ጠይቃችሁ ጽፋችሁ ያዙ፤ ከአስጎብኚው የማትሰሙት ብዙ ነገር እነርሱ ዘንድ ሊኖር ይችላል።