ፖኒ በብርድ ወራት፦ ከዓይናችሁ ይልቅ እጃችሁን እመኑ

ይህን የምጽፈው በብሪታንያ የፈረስ ጋጣ ሥራ ለጀመራችሁ ወይም የመጀመሪያ ፖኒያችሁን ለያዛችሁ ወጣቶች ነው። ዕድሜዬ ያለፈው በእንስሳት ሕክምና ነው። ካከምኳቸው እንስሳት ሁሉ ልቤን የሚወስዱት እነዚህ አጫጭር፣ ጠንካራና ብልህ ፈረሶች ናቸው። ቅጠል ረግፎ ብርዱ ሲጀምር ወጣት ባለቤቶች የሚጠይቁኝ ጥያቄ በየዓመቱ ያው ነው። "ዶክተር፣ ምን ላልብሰው? ምን ልጨምርለት?"

ጤነኛና በጉልምስና ላይ ላለ የአገሬው ዘር ፖኒ መልሴ አጭር ነው። ለጊዜው ምንም አታልብሱት፣ ምንም አትጨምሩለት። መጀመሪያ ጓንታችሁን አውልቁና እጃችሁን ከጸጉሩ ሥር አስገቡ።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ። ኤክስሙር፣ ዳርትሙር፣ ሼትላንድ፣ ፌል፣ ዴልስ፣ ሃይላንድ፣ ዌልሽ የሚባሉት ዘሮች የተገኙት ነፋስ ከማይለያቸው ኮረብቶች፣ ረግረጋማ ሜዳዎችና ደሴቶች ነው። ኤክስሙርን ተመልከቱ። በብርድ ወራት ድርብ ጸጉር ያበቅላል። ከውስጥ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ጸጉር አለ። በላዩ ላይ ረዥምና ቅባት ያለው ጸጉር ይለብሳል። ዝናቡ በዚህ ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል እንጂ ቆዳው ጋ አይደርስም። ጭራው ሥር የሚበቅለው አጭር ጸጉር እንኳ ወደ ጎን ተዘርግቶ ውሃውን ከብሽሽቱና ከሆዱ ሥር ያርቃል። የዓይኑ ቆብ ወፍራም ስለሆነ ዝናቡን ይመክታል። በረዶ ጀርባው ላይ ሳይቀልጥ ተቆልሎ ስታዩ አትደንግጡ። የሰውነቱ ሙቀት ወደ ውጭ እያመለጠ ቢሆን ኖሮ በረዶው ይቀልጥ ነበር።

ጸጉሩ ብርዱ እስኪመጣ አይጠብቅም። የሚያዘው የቀኑ ርዝመት ነው። ከበጋው አጋማሽ በኋላ ቀኑ እያጠረ ሲሄድ ማደግ ይጀምራል። ታኅሣሥ አልፎ ቀኑ ሲረዝም ደግሞ ገና ውርጩ ሳይለቅ መርገፍ ይጀምራል። ስለዚህ በየካቲት እጃችሁ ላይ ጸጉር ቢቀር ጤናማ ነገር ነው።

አሁን ወደ ፈረስ ብርድ ልብስ እንምጣ። በፍቅር እንደምታደርጉት አውቃለሁ። ራሳችሁ ጃኬት ለብሳችሁ እሱን ራቁቱን ማየት ያስጨንቃል። ግን ፖኒ ሲበርደው ጸጉሩን ያቆማል፣ በጸጉሩ መካከልም አየር ይይዛል። የሚያሞቀው ያ አየር ነው። ብርድ ልብሱ ጸጉሩን ይጨፈልቀዋል። በተለይ ስስ የሆነው ልብስ ከሰጠው ሙቀት የነሳው ሊበልጥ ይችላል። ሌላም ችግር አለ። ልብሱ አንዴ ከተደረገ ብዙ ሰው ሳያወልቀው ቀናት ያልፋሉ። ከሥሩ ትከሻው ይላጣል፣ ቅማል ይራባል፣ ፖኒው ይወፍራል ወይም ይከሳል፤ የሚያየው የለም። ብርድ ልብስ የግድ ካስፈለገ በየቀኑ አውልቃችሁ ዳስሱት።

መቼ ያስፈልጋል? ለሥራ ተብሎ ጸጉሩ የተሸለተ፣ የታመመ፣ ያረጀ ወይም ከስቶ ብርዱ ውስጥ የገባ ፖኒ ያስፈልገዋል። ሲንቀጠቀጥ ካያችሁትም አትከራከሩ፣ ከዝናብ አስወጡትና አድርቁት።

ደረቅ ብርድ ለእነዚህ ዘሮች ብዙም አይደለም። የሚጎዳቸው ነፋስና ዝናብ ተባብረው ለቀናት ሲመጡ ነው። ለዚያ የሚጠቅመው መጠለያ ነው፦ የድንጋይ ግንብ፣ ጥቅጥቅ ያለ የቁጥቋጦ አጥር፣ ሦስት ጎኑ የተዘጋ ዳስ። ዳሱን ሠርታችሁለት ውጭ ቆሞ ቢያድር አትዘኑ። ሲፈልግ የሚገባበት መኖሩ ነው ቁም ነገሩ።

ሙቀቱ በዋናነት የሚመጣው ከሆዱ ነው። ፖኒ በትልቁ አንጀቱ ውስጥ ቃጫማ መኖ የሚያብላሉ እልፍ አእላፍ ጥቃቅን ተሕዋስያን አሉት። ድርቆሹ ሲብላላ ሙቀት ይወጣል። ሆዱ የራሱ ምድጃ አለው ማለት ነው፤ ማገዶው ደግሞ ድርቆሽ ነው። ለዚህ ነው በብርዱ ሌሊት አንድ ባልዲ አጃ ወይም ገብስ ከመስጠት ጥቂት ተጨማሪ ድርቆሽ መስጠት የሚሻለው። እህሉ ጉልበትና ስብ ይጨምራል፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚያሞቀው ግን ቃጫው ነው።

መጠኑን በዓይን አትገምቱ። ሚዛን ግዙ። ፖኒ በቀን ከክብደቱ 2 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ (እርጥበቱ ሳይቆጠር) ይበቃዋል። 200 ኪሎ ለሚመዝን ይህ 4 ኪሎ ይሆናል። ድርቆሽ ራሱ ትንሽ እርጥበት ስላለው በሚዛን ላይ ወደ 4.7 ኪሎ ገደማ ይመጣል። መስኩ ላይ ሣር ካለ ደግሞ ያንን ቀንሱ።

አሁን የምነግራችሁን ግን ደጋግማችሁ አንብቡት። በእነዚህ ፖኒዎች ላይ ካየሁት ስቃይ አብዛኛው የመጣው ከብርድ ሳይሆን ከውፍረት ነው። ተፈጥሯቸው በበጋና በመኸር ስብ አከማችቶ በብርዱ ወራት ያንን መጨረስ ነው። ሜዳ ላይ የሚኖረው ፖኒ መጋቢት ላይ ቀጠን ብሎ ይወጣል፣ ከዚያ አዲሱ ሣር ይቀበለዋል። እኛ ደግሞ እንዳይከሳ ብለን ስንቀልበው ይከርምና በስቡ ላይ ሌላ ስብ የሚጨምር ሣር ይጠብቀዋል። መጨረሻው ላሚናይቲስ ነው። ሰኮናውን ከውስጥ ካለው አጥንት ጋር የሚያያይዘው ሥጋ ይታመማል። ፖኒው መራመድ ያቅተዋል፤ የፊት እግሮቹን ወደፊት ዘርግቶ ክብደቱን ወደ ኋላ ይጥላል። በጣም ከባድ ሕመም ነው፤ አንዳንዶቹን ከሕመማቸው ለማሳረፍ ስንል ያለ ስቃይ ሕይወታቸው እንዲያልፍ ለማድረግ እንገደዳለን።

ስለዚህ መዳሰስን ተማሩ። በብሪታንያ ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ከ0 (እጅግ የከሳ) እስከ 5 (እጅግ የወፈረ) ያለውን የሰውነት አቋም መለኪያ ነው። ጎድኑን ዳስሱ፤ ሳትጫኑ አጥንቱ ሊሰማችሁ ይገባል። ከጋማው ሥር ያለውን ያዙ፤ ጠንክሮ አልነቃነቅ ካለ ስብ ነው። ከትከሻው ጀርባና ከጭራው ሥር ያለውንም እዩ። መኸር ላይ 3 ሆኖ የገባ ጤነኛ ፖኒ መጋቢት ላይ 2.5 ሆኖ ቢወጣ ደስ ይበላችሁ። ዓይን ግን ያታልላል። ረዥሙ ጸጉር ውፍረትንም ክሳትንም ይደብቃል። ሆዱ በድርቆሽ ተነፍቶ ጀርባው ላይ አጥንቱ የቀረ ፖኒ ከሩቅ ሲታይ ያማረ ይመስላል። በየሁለት ሳምንቱ ደረቱ ላይ በሚዞረው የክብደት መለኪያ ሜትር ለኩት፣ ቁጥሩንም ማስታወሻ ላይ ጻፉ።

ይህን ሰምታችሁ ደግሞ አታስርቡት። ወፍራም ፖኒ፣ በተለይም ሼትላንድ፣ በድንገት መብላት ሲያቆም የሰውነቱ ስብ በብዛት ወደ ደሙ ይለቀቃል። ሃይፐርሊፒሚያ ይባላል፤ ጉበቱን ያጠቃል፣ ይገድላልም። መቀነስ ካለበት ቀስ ብላችሁ እስከ 1.5 በመቶ አውርዱት። ከዚያ በታች ያለ ሐኪም አትሂዱ። አንድ ቀን ሙሉ መኖ እምቢ ካለ እስከ ነገ አትጠብቁ።

ስለ ውርጭም አንድ ነገር ላክል። ፀሐይ ወጥታ ግን ብርዱ ሲያይል ሣሩ ስኳር ይሠራል፣ ማደግ ስለማይችል ግን አይጠቀምበትም። ስኳሩ በቅጠሉ ውስጥ ይቀራል። ላሚናይቲስ የያዘው ፖኒ ካላችሁ እንዲህ ባለው ብሩህ ጠዋት ወደ መስክ አታውጡት፣ ድርቆሹን ጋጣው ውስጥ ስጡት። ጥር ላይ ላሚናይቲስ አይመጣም የሚለውን ወሬ አትስሙ።

ውሃ ቀላል ይመስላል፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እሱ ነው። ድርቆሽ ሲበላ ፖኒ ከሣሩ ያገኝ የነበረውን ውሃ ያጣል። ገንዳው በረዶ ከሆነበት ወይም በጣም ከቀዘቀዘበት መጠጣቱን ይቀንሳል። ያኔ መኖው አንጀቱ ውስጥ ደርቆ ይዘጋና የሆድ ቁርጠት ይመጣል። ጠዋትና ማታ በረዶውን ስበሩ፣ ስባሪውንም አውጡት፤ እዚያው ከተዋችሁት ተመልሶ ይያያዛል። ከቻላችሁ ሙቅ ውሃ ጨምሩበት፤ ለብ ሲል የበለጠ ይጠጣሉ። ፋንድያውም ይናገራል። አነስተኛ፣ ደረቅና ጠንካራ ከሆነ ውሃ አንሶታል።

የአንጀት ትልንም አትርሱ፤ የፋንድያ ምርመራ ሁሉንም እንደማያሳይ እወቁ። ትንንሽ ቀይ ትሎች የሚባሉት እጭ ሆነው የአንጀት ግድግዳ ውስጥ ይደበቃሉ። እንቁላል ስለማይጥሉ ምርመራው ላይ አይታዩም። የብርዱ ወራት ሲያልቅ በብዛት አንድ ላይ ሲወጡ አንጀቱን ያቆስሉታል፣ ተቅማጡም ሊገድል ይችላል። ስለዚህ በመኸር መጨረሻ ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ የደም ምርመራም አለ። መድኃኒቱን በትክክለኛ ክብደት ስጡ። በተለይ ሞክሲዴክቲን የሚባለው የትል መድኃኒት ለትንሽ ወይም ለከሳ ፖኒ ከልኩ ካለፈ አደገኛ ነው። ፋንድያውን ከመስኩ መልቀም አሰልቺ ቢሆንም ከማንኛውም መድኃኒት ባልተናነሰ ይሠራል።

ሰኮናውን በየቀኑ አጽዱ፤ ጠራቢው በብርዱም ወራት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ይምጣ። በረዶ ሲጥል ሰኮናው ውስጥ ተጋግሮ ያንሸራትታቸዋል፤ አውጡላቸው። እግሩ ላይ ጭቃ ሲደርቅ በብሩሽ አራግፉ እንጂ በየቀኑ በውሃ አትጠቡት። ሁልጊዜ የረጠበ ቆዳ ይሰነጠቃል፣ ባክቴሪያም ይገባበታል። ከዚህ ሌላ ሲካሞር የሚባለው የሜፕል ዓይነት ዛፍ አጠገባችሁ ካለ በመኸር የሚረግፈውን ፍሬ፣ በፀደይ የሚበቅለውን ችግኝ ከግጦሹ አርቁ። መርዙ ጡንቻ ያፈርሳል፣ ብዙዎቹም አይተርፉም።

ኒው ፎረስት በሚባለው የደቡብ እንግሊዝ ጫካና ሜዳ ውስጥ አጂስተር የሚባሉ ሠራተኞች በፈረስም በመኪናም እየዞሩ ፖኒዎቹን ይጠብቃሉ። በብርዱ ወራት የከሳ ካዩ ባለቤቱ ከጫካው እንዲያወጣው ያዙታል። ይህን ሥራ በጣም አከብራለሁ። ሜዳ ላይ ይኖራል ማለት ማንም አያየውም ማለት አይደለም።

ባለ 20 እና 25 ዓመት ፖኒ ላላችሁ የመጨረሻውን ልበል። እስካሁን የተናገርኩት ግማሹ ለእሱ አይሠራም። ጥርሱ ካለቀ ድርቆሹን አኝኮ ይተፋዋል፤ በውሃ የራሰና የላመ ቃጫማ መኖ ስጡት። ጸጉሩ በበጋም ካልረገፈ ኩሺንግ የሚባለው የሆርሞን ሕመም ሊሆን ይችላልና ደሙን አስመርምሩ፤ መድኃኒት አለው። መስከረም ላይ ሐኪም ጥርሱን፣ ልቡን፣ እግሩንና ክብደቱን ይይላችሁ። ሌላ የብርድ ወቅት ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውንም ያኔ በግልጽ ጠይቁት። አይችልም ካላችሁ፣ ፀሐይ ገና እያለች፣ ሣሩን እየጋጠ ባለበት ቀን በሰላም ማሰናበት ይቻላል። ጥር ላይ ጭቃ ውስጥ ወድቆ በሌሊት እስክትደውሉልን ድረስ አትጠብቁ።