የታሪክ ተውኔት ወደ ፊልም ሲመጣ መነባንቡ ምን ይሁን?

ጠያቂያችን አንድ ዝነኛ የታሪክ ተውኔት ወደ ፊልም ጽሑፍ እየመለሱ መሆኑን ገልጸው፣ ረጃጅሞቹን መነባንቦች ይቁረጧቸው ወይስ እንዳሉ ይተዉአቸው የሚል ጥያቄ አቅርበዋል። በመድረክም በፊልምም የሠራሁ ስለሆንኩ የማምንበትን ልጻፍ።

ከርዝመቱ በፊት ንግግሩ የሚሠራውን ሥራ ይዩ። በመድረክ ላይ አንዳንዱ ንግግር የሚነገረው መድረኩ የማይችለውን ጦር ሜዳና ፈረሰኛ በተመልካች ሐሳብ ውስጥ ለመሣል ነው፤ ይህን ካሜራው ስለሚረከበው ያለ ርኅራኄ ይቁረጡት። ሰው የሚያታልል፣ የሚያሳምን ወይም የሚያስፈራራ ንግግር ግን ራሱ ድርጊት ነው፤ እሱን ካወጡት ትዕይንቱ ባዶ ይሆናል።

ሁለተኛውን ዓይነት ሲያቆዩ «ይህን የሚሰማው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ለዚህ የምወደው ምሳሌ የሼክስፒር «ሪቻርድ ሦስተኛ» እ.ኤ.አ. በ1995 ሲቀረጽ የመክፈቻው መነባንብ የተያዘበት መንገድ ነው። በተውኔቱ ሪቻርድ ብቻውን ቆሞ የሚናገረውን፣ በፊልሙ ሪቻርድን የሚጫወተው ኢያን ማኬለን በድል ግብዣ ላይ ማይክሮፎን ይዞ ለተሰበሰበው እንግዳ ይጀምረዋል፤ ከዚያም ንግግሩ ሳይቋረጥ መጸዳጃ ክፍል ውስጥ ብቻውን እያጉረመረመ እናገኘዋለን፤ በመስታወቱ ውስጥ እኛን ሲያይ ዞሮ ለካሜራው ይናገራል። ለሕዝብ የሚባለውና በሆድ ያለው አንድም ማብራሪያ ሳይጨመር ተለይተው ታዩ።

በወሬ ብቻ የሚነገረውን ማሳየት ደግሞ የአንድን ዓረፍተ ነገር ክብደት ሊለውጥ ይችላል። በሼክስፒር «ሄንሪ አምስተኛ» ተውኔት የንጉሡ የቀድሞ የመጠጥ ጓደኛ ባርዶልፍ ቤተ ክርስቲያን ዘርፎ ሞት እንደተፈረደበት ንጉሡ ከሌላ ሰው ይሰማል፤ እንዲህ ያለ አጥፊ ሁሉ ይወገድ ብሎም ያልፈዋል። ኬኔት ብራና እ.ኤ.አ. በ1989 ባዘጋጀው ፊልም ግን ስቅላቱ የሚፈጸመው በንጉሡ ዓይን ፊት ነው፤ ቃሉ እንደ ትእዛዝ ጠንካራ ሆኖ ሳለ ፊቱ ሌላ ነገር ይናገራል።

የሚቆርጡት ነገር የታሪኩን ፍርድም እንደሚለውጥ አይዘንጉ። ሎረንስ ኦሊቪየ ይህንኑ ተውኔት እ.ኤ.አ. በ1944 ሲቀርጽ እንግሊዝ ጦርነት ላይ ነበረች፤ ንጉሡን ከሚያደበዝዙት ክፍሎች መካከል ምርኮኞቹ እንዲገደሉ ያዘዘበትን አወጣ። የወጣው በሰዓት እጥረት ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ካለ እኔ አይደለሁም።

ስለ ጦርነት ትዕይንት ብዙ ባይጨነቁ ይሻላል። ኦርሰን ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ ከሼክስፒር የታሪክ ተውኔቶች በወሰደው ፊልሙ፣ በእንግሊዝ የተካሄደውን የሽሩስበሪን ጦርነት የቀረጸው በጥቂት አጃቢ ተዋንያን ነው፤ የብዛቱን ስሜት የሰጠው ፈጣን ቅንብርና ጭቃ ነው።

በመጨረሻ፣ ተውኔቱ በስንኝ የተጻፈ ከሆነ ሲቆርጡ ሙሉ ሐሳብ ያንሡ እንጂ ከየመሥመሩ ቃል አይልቀሙ። ልቅምቃሚው በወረቀት ላይ የተስተካከለ ይመስላል፤ ተዋናዩ ጮክ ብሎ ሲያነበው ግን ትንፋሹ የት እንደሚያርፍ ይጠፋዋል። ስለዚህ አዲሱን ጽሑፍ ለአዘጋጁ ከመስጠትዎ በፊት ከተዋንያን ጋር በድምፅ ያንብቡት።